ወለተ ሰንበት ብላ የፈረመችው ልጅ

መሐል ሜዳ፣ የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ለምሥራቅ፣

እንደምን ከርመሻል? ጾሙን እንዴት ተቀበልሽው? እኔ ከብርዱና ከሥራ ፍለጋው በቀር ደህና ነኝ።

ደብዳቤሽን ሹፌሩ ወሰኔ ራሱ ለጊዜው እምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ድረስ አምጥቶ ሰጠኝ። «በዚህ ዘመን በወረቀት የሚጻጻፍ ወይ ፍቅር ይዞታል ወይ ክስ አለበት» ሲል ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቤት ገብቶ ኖሯል፤ አክስቴ እትዬ አልጣሽ «ማነው እሱ?» አሉኝ። ሴት ናት፣ የግቢ እህቴ ናት፣ የቀየቱ ቄስ ገብረ ክርስቶስ ልጅ ብላቸው «እሺ፣ እሷም ጢም ታብቅል» ብለው ሽሯቸውን መንፋት ቀጠሉ።

ለጠየቅሽኝ ሁሉ መልሴ ይኸው። አዎ፣ ብቻዬን አነበብኩት። አዎ፣ እንዳልሽው አቃጠልኩት። አይ፣ አልተቀየምኩሽም። ግን «ለአንቺ በስልክ የጻፍኩት ቃል በማግሥቱ ከማላውቀው ሰው ተመልሶ መጣልኝ» ያልሽው አልገባኝም። ቃል በቃል ነው? ወይስ ፍርሃት አገናኝቶብሽ ነው?

ወለተ ሰንበት ተብሎ የተለጠፈው ጽሑፍ ያንቺ መሆኑን ራስሽ እስክትነግሪኝ ድረስ አላወቅኩም ነበር። «ሳትፈሪ ጠይቂ» የተባለውን የቴሌግራም ቻናል ስከፍት እኮ ያሰብኩት እንዳንቺ ያለችውን ልጅ ነው። እናቷ የማታወራት፣ ስብከት ላይ «አታድርጉ» ብቻ የሚነገራት፣ ስልኳ ላይ ግን ሁሉም ነገር ተገልጦ የምታይ ልጅ። ስም የለም፣ ፊት የለም፤ ጥያቄሽ በቦቱ በኩል ይመጣል፣ አድሚኑ ለጥፎ ይመልስልሻል። ስመረቅ ለምንተስኖት ሳስረክበው በጣም ነው ያዘንኩት። ኮምፒዩተር ያጠና ጨዋ ልጅ ስለሆነ ነው እንጂ ለሌላ ሰው አልሰጠውም ነበር። አሁን የሚከታተለው ሰው በዝቶ እኔ የማውቀው ቻናል አይመስልም።

እዚህም እንዲህ ያለ ነገር ልጀምር ነው። ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ክበብ የሚሆን ሐሳብ ጽፌ ለወረዳው ሰጥቻለሁ። ኃላፊው አንብበው «ስለ ሩካቤ ሥጋ የሚለውን አውጪና እናየዋለን» አሉኝ። እሱ ከወጣ የሚቀረው የክበቡ ስም ነው አልኳቸው። ሳቁ፤ ተስፋ አለው።

አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ስም በማይጻፍበት ቦታ የክርስትና ስምሽን ለምን ጻፍሽ?

ያንቺው ጽናት


ከግቢ፣ የካቲት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለጽናት፣

ሰላምታዬ ካለሁበት ይድረስሽ። መልስ ስላዘገየሁ ይቅርታ። ጽፌ እቀድዳለሁ፤ ጽፌ እቀድዳለሁ።

ወለተ ሰንበት ብዬ የፈረምኩት ለመደበቅ ነው። መታወቂያዬ ላይ የለም፣ እዚህ የሚያውቀው የለም፤ መሲ እንኳ አልጋችን ጎን ለጎን ሆኖ አንድ ቀን ጠይቃኝ አታውቅም። ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ፤ በደሌን ስናገር ሌላ ስም አልለመድኩም። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ለንስሐ አባቴ የምናገረው በእሱ ስም ነው። ቻናሉ ላይ ስጽፍም የሚያነበው ሰው ካህን እንዳልሆነ እያወቅኩ፣ ሰምቶ የሚይዝ መሰለኝ። ስለዚህ እንደ ንስሐ ሳላስቀር ጻፍኩት። በቀየት በኩል የካህን ልጅ መሆኔን፣ ጾም መሆኑን፣ ከማን ጋር የት እንደነበርኩ፣ ስንት ጊዜ እንደሆነ። ለንስሐ አባት ደብቆ መናገር አለመናገር ነው ብለው ነው ያሳደጉን።

አንቺ ያየሽው የተለጠፈውን ነው። የተለጠፈው ግማሹ ብቻ ነው። ሰውየው የሚልክልኝ ያልተለጠፈውን ነው። «ቀሪው እኔ ጋ ነው» ይለኛል። ምን እንደሚፈልግ መጀመሪያ አልነገረኝም። በኋላ ፎቶ ጠየቀኝ። ምን ዓይነት ፎቶ እንደሆነ ወረቀት ላይ አልጽፈውም።

ያስፈራኝ ግን እሱ ብቻ አይደለም። በስልክ «ጽናቴ፣ አባቴ ከሚሰማ ብሞት ይሻለኛል» ብዬ ጽፌልሽ ነበር፤ ታስታውሻለሽ? በማግሥቱ «አባትሽ ከሚሰሙ ብትሞቺ ይሻልሻል አይደል?» ብሎ ላከልኝ። ፍርሃት አላገናኘብኝም።

ለማን ነገርሽ? እንደ ወቀሳ አትቁጠሪው። ብቻ ንገሪኝ።

አባቴን የምታውቂያቸው ደግ ሰው ሆነው ነው። ደግ ናቸው። ግን ዲያቆን ባስልዮስን ለእኔ ካጩት ዓመት አልፏል፤ በተክሊል ሊያጋቡን ለደብሩ ሁሉ ቃል ሰጥተዋል። ተክሊል ድንግልናዋን የጠበቀች ሴት እንደሚፈልግ ታውቂያለሽ፤ እሱም ቅስና የሚቀበለው እንዲህ ካገባ ብቻ ነው። ነገሩ ከወጣ የእኔ ብቻ አይደለም የሚበላሸው።

ምሥራቅ


መሐል ሜዳ፣ መጋቢት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውዴ ለምሥራቅ፣

ደብዳቤሽን ካነበብኩ ጀምሮ ምግብ አይጥመኝም። እትዬ አልጣሽ «ይኼ ጢማሙ ምን ብሎሽ ነው?» እያሉ ነው።

የነገርኩት ለምንተስኖት ብቻ ነው። በስምሽ አይደለም፣ በእናቴ ይሁንብኝ። «ወለተ ሰንበት ብላ የጻፈችውን ልጅ አውቃታለሁ፣ ሰው እያስፈራራት ነው፣ ጽሑፉን አንሣልን» ነው ያልኩት። ምን ያህል እንደተጨነቅሽ እንዲረዳ ብዬ የላክሽልኝን ቃል ስምሽን አጥፍቼ አሳየሁት። እሱም በጣም ነው ያዘነው። ጽሑፉን ያነሣው በዚያኑ ሰዓት ነው። ቦቱን ሰብሮ የገባ ሰው አለ ይላል፤ የእኔንም ስልክ ሳያነበው አልቀረም፣ ስለዚህ ነው ቃልሽ የተመለሰው ብሎኛል። ሰውየውን አድኖ እንደሚይዘው ቃል ገብቶልኛል። ስለ አንቺ ደጋግሞ ነው የሚጠይቀኝ፦ ተረጋጋች ወይ፣ ቤተሰቦቿ ያውቃሉ ወይ፣ ለፋሲካ ትገባለች ወይ እያለ። አልመለስኩለትም፤ አንቺን ሳላስፈቅድ አልናገርም ብዬዋለሁ።

በዚህ መሐል ደግሞ በስልክ ጠይቄሽ ያስቀየመሽን ጥያቄ ልድገመው፤ አትናደጂብኝ። ሐሳብሽ የተለወጠው መቼ ነው? ስንተዋወቅ ወንድ ሰላም ሲልሽ መሬት መሬት የምታዪ ልጅ ነበርሽ። ለክበቡ ብዬ ብቻ አይደለም፤ እኔ ያልኩት ነገር ይሆን ብዬ ነው። «ድንግልና የአንቺ ምርጫ ነው» ብዬ የለጠፍኩ ቀን ስንት ልብ እንደመጣልኝ አስታውሳለሁ። ደስ ብሎኝ ነበር።

ሲሙን አውጥተሽ ጣይው። መልእክቶቹን ግን አታጥፊ፤ ምንተስኖት ለማስረጃ ያስፈልጋሉ ብሏል።

ጽናት


ከግቢ፣ መጋቢት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጽናት፣

ምንተስኖት የምትይውን አላውቀውም። አንቺ ካመንሽው ይሁን። ከእንግዲህ ግን ለእሱም ቢሆን አንድ ቃል እንዳትነግሪብኝ። ሲሙን አውጥቼዋለሁ። አባቴ ሲፈልጉኝ በመሲ ስልክ ይደውላሉ።

የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ። የተለወጥኩበት ቀን የለም። አንቺ የለጠፍሽው ብቻም አይደለም፤ ያንቺን እኮ የሚያነብ ትንሽ ነው። መጀመሪያ ሳቅ ነበር። መሲ አልጋዋ ላይ ተጋድማ ስልኳን ወደ እኛ ታዞረዋለች፤ እኛ ዓይናችንን ሸፍነን በጣታችን መሐል እናያለን። ቀጥሎ ቪዲዮው ራሱ ይፈልገኝ ጀመር። አንዱን ቆም ብዬ ካየሁት መሰሎቹን ይደረድርልኛል። ቤት ሳለሁ የማይነገር የነበረው ነገር ቁርስ ላይ የምናወራው ሆነ። «የቄስ ልጅ» ሲሉኝ እንደ ስድብ እሰማው ጀመር። ሰው ሁሉ የሚያደርገው፣ የቀረሁት እኔ ብቻ መሰለኝ።

ዳኜን ያወቅኩት በዚያው በስልክ ነው። ሲጽፍ የማያልቅበት ልጅ ነው፤ እኔም በጽሑፍ ደፋር ነኝ። ስንገናኝ ግን ስለ ፈተና ብቻ አወራን። እሱም እኔም ስልክ ላይ እንዳየናቸው ሰዎች ለመሆን ስንጣጣር፣ ፈልጌው ይሁን ሳልፈልገው ሳልለይ አለፈ። በኋላ «ደስ አለሽ?» ብሎ በአካል መጠየቅ አፍሮ ውጭ ቆሞ በስልክ ጻፈልኝ። ይኼን ሳስታውስ አሁንም ሳቅ ይመጣብኛል፤ ሳቅ ግን አይደለም።

ባለፈው ሳምንት ለመሲ ነገርኳት። ታጽናናኛለች ብዬ ነበር፣ እሷ አለቀሰች። «እኔ እኮ ያወራሁት ሁሉ ውሸት ነው። አንድም ወንድ ነክቶኝ አያውቅም። እናንተ ሁላችሁም ያደረጋችሁ መስሎኝ ነው» አለችኝ። ዶርሙን ሁሉ አንድ በአንድ ስንጠይቅ፣ ጽናቴ፣ ማንም አልነበረም። ሁላችንም አንዳችን ለአንዳችን ስንዋሽ ኖረን፣ ውሸቱን አምኜ የወጣሁት እኔ ነኝ።

የሚያስፈራራኝ ዳኜ ነው ብዬ አምኛለሁ። ከእሱ በቀር ይኼን ሁሉ የሚያውቅ የለም። ካፌ ውስጥ ሲያየኝ ፊቱን ያዞራል። ክፍል የምሄደው በጓሮ በኩል ሆኗል።

ቀየት ስትሄጂ አባቴን እዪልኝ። ድምፃቸው እንዴት እንደሆነ ጻፊልኝ። የሰሙት ነገር ካለ ከድምፃቸው ታውቂያለሽ።

ምሥራቅ


መሐል ሜዳ፣ ሚያዝያ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምሥራቅ፣

ቀየት ሄጄ ተመለስኩ። አባትሽ ደህና ናቸው። ድምፃቸውም ደህና ነው፤ የሰሙት ምንም ነገር የለም። እናትሽ የገብስ ቆሎ ቋጥረውልሻል። በጎቹ ወልደዋል። ባስልዮስ ክፉኛ ጉንፋን ይዞት ሲያስነጥስ ካህናቱ ሁሉ «ይማርህ» ሲሉት ቅዳሴው ሊቋረጥ ነበር አሉ።

ለመጋቢት መድኃኔ ዓለም የመጣው ሕዝብ ብዙ እንደነበር አባትሽ አጫወቱኝ። ሌላም አጫውተውኛል። አንዱን ነገር ፊት ለፊት ብነግርሽ ይሻላል። አትጨነቂ። ራሴው እጨርሰዋለሁ።

ስለ ዳኜ ያልሽውን አስቤበታለሁ። እሱ ላይሆን ይችላል። ለጊዜው ግን ማንንም እንዳታምኚ፤ የማታውቂውን ሰው ማለቴ ነው። ቻናሉን አትክፈቺው፣ በሰው ስልክም ቢሆን።

አጭር ስለሆነብሽ ይቅርታ። ወሰኔ ጥሩምባውን እየነፋ ነው።

ጽናት


ከግቢ፣ ሚያዝያ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጽናት፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ፊት ለፊት የምትነግሪኝን ነገር ሳስብ ነው የዋልኩት። ሰው «አትጨነቂ» ሲለኝ የምጨነቅ ሆኛለሁ።

አትቆጪኝ፤ ደብዳቤሽ ከመድረሱ በፊት አንድ ጊዜ በመሲ ስልክ የራሴን ቴሌግራም ከፍቼ ነበር። «ሰላም፣ የቄስ ገብረ ክርስቶስ ልጅ» ይላል። ሌላ የለውም። ከሥሩ «ፎቶውን ተይው። ከፋሲካ በፊት በአካል እንገናኛለን፤ ካልሆነ ወረቀቱን አትሜ ለአባትሽ በእጃቸው እሰጣለሁ» የሚል አለ። እስከ ዛሬ የአባቴን ስም ጠርቶ አያውቅም ነበር። ለዳኜ የአባቴን ስም ነግሬው አላውቅም፤ ግን ከሬጅስትራር ማግኘት አያቅተውም።

አንድ ነገር ወስኛለሁ። ለፋሲካ ገብቼ ለአባቴ ራሴ እነግራቸዋለሁ። ከእሱ ወረቀት በፊት ከእኔ አፍ ይስሙት። ይምቱኝ፣ ያባርሩኝ፣ ለባስልዮስም ይንገሩት፣ ሌላ ያግባ። ከዚያ በኋላ ግን ያ ሰው ምንም የሚይዝብኝ ነገር አይኖረውም። ይኼን ካሰብኩ ወዲህ እንቅልፍ ይወስደኛል።

የሚያስፈራኝ መንገዱ ነው። ዳኜ ከግቢ ስወጣ አይቶ መናኸሪያ ድረስ ይከተለኛል ብዬ እፈራለሁ።

ምሥራቅ


መሐል ሜዳ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ጠዋት

ምሥራቅ፣

ሰላምታ ዛሬ ይቅርብኝ። መኪናው ውስጥ አትግቢ። አባትሽ የላኩት ነው ቢልሽም አትግቢ።

ያስቀረሁብሽን ልንገርሽ። ለመጋቢት መድኃኔ ዓለም አንድ ወጣት እንግዳ ቀየት መጥቶ ነበር። ነጠላውን አጣፍቶ፣ ሻማና ጧፍ ይዞ። የታመመች እህት አለችኝ፣ ጸልዩልኝ፣ የክርስትና ስሟ ወለተ ሰንበት ነው ብሎ አባትሽን ለመናቸው። እሳቸውም ደስ ብሏቸው «የእኔም ልጅ ወለተ ሰንበት ናት፣ ዩኒቨርሲቲ ናት» አሉት። እቤታቸው አስገብተው አበሉት። ለአጎራባች ደብሮችም ይኼንኑ እያለ ዞሮ ኖሯል፤ የትኛው ካህን «የእኔ ልጅ» እንደሚለው ሲፈልግ ነበር። አባትሽ ከእሱ ጋር የተነሡትን ፎቶ አሳዩኝ። ምንተስኖት ነው።

ያኔውኑ ልጽፍልሽ ይገባኝ ነበር። ብቻዬን የምጨርሰው መሰለኝ። ደውዬ ለፖሊስ እንደምናገር ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ሰማኝና «ጽናት፣ ቻናሉ እኮ ያንቺ ነው፤ የመጀመሪያው አድሚን ተብሎ ያለው ያንቺ ስም ነው» ብሎ ዘጋው። ከዚያ ወዲህ አያነሣም።

ትናንት አባትሽ ለገበያ እዚህ መጡ። «ምሥራቄን ያ የተባረከ ልጅ ሐሙስ በመኪናው ያመጣልኛል፣ በዚያ በኩል ሥራ አለው፣ ሰኞ ደውዬ ነግሬያታለሁ» አሉኝ። አባ፣ ያ ሰው ጥሩ ሰው አይደለም፣ አውቀዋለሁ፣ ይቅርብዎ አልኳቸው። «ምን አደረገሽ ልጄ?» አሉኝ። እኔን ምንም። «ታዲያ ማንን?» አሉኝ። ብናገር እሱ አደርገዋለሁ ያለውን እኔ ላደርግብሽ ነው። «የመድኃኔ ዓለምን ደጅ ስሞ የገባን ሰው በከንቱ አትጠርጥሪ» ብለውኝ ሄዱ።

ከትናንት ጀምሮ ኔትወርክ የለም። ወሰኔ አሁን ይወጣል፤ መኪናው እህል ጭኖ ስለሆነ ሰው አይዝም። ደብረ ብርሃን ላይ ወረቀቱን ለሌላ ሰው ሳይሰጥ ለናንተ መስመር ሹፌር በእጁ እንዲያስረክብ አስምዬዋለሁ። እኔም መኪና እንዳገኘሁ እከተላለሁ። የክበቡ ስብሰባ ነገ ነበር፤ ይቅር።

ከዶርምሽ አትውጪ። መሲ አጠገብሽ ትሁን። ለዘበኞቹ ንገሪያቸው። ዳኜ አይደለም። ዳኜ አልነበረም።

ጽናት


ከግቢ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለጽናት፣

እንዴት ሰነበትሽ? ይኼ ወረቀት ከእኔ በኋላ የሚደርስሽ ይመስለኛል፤ ያለመጻፍ ግን አላስቻለኝም።

እግዚአብሔር መንገዱን አቀናልኝ። አባቴ ሰኞ በመሲ ስልክ ደውለው፣ የሚያውቁት የቤተ ክርስቲያን ልጅ በመኪናው ሊያመጣኝ መሆኑን ነገሩኝ። ከመንገዱ ፍርሃት የሚያወጣኝ እሱ ነው፤ መናኸሪያ አልሄድም፣ ዳኜም አያየኝም። ስሙን ልጠይቃቸው ስል መስመሩ ተቆረጠ፤ ከዚያ ወዲህ ብንሞክር አልገባ አለ። ድምፃቸውን ግን ሰማሁት፤ ምንም አልሰሙም። እንደ ድሮው ነው የሳቁት። እንዲህ እየሳቁ ሳሉ መንገር ይከብዳል፤ ግን እነግራቸዋለሁ።

ልብሴን አጥፌያለሁ። መሲ ሻንጣዬን ይዛ እስከ በሩ ልትሸኘኝ ነበር፤ ፈተና ስላለባት ተይ አልኳት። ስልኳን እንድወስደው ለመነችኝ፣ እሱንም እምቢ አልኩ። ከእንግዲህ ስልክ ባላይ ደስ ይለኛል። ጽናቴ፣ ያ ፊት ለፊት የምትነግሪኝን ነገር አሁን ለመስማት ዝግጁ ነኝ። ምንም ቢሆን አልደነግጥም።

ነገ፣ ጸሎተ ሐሙስ በጠዋት ከጓሮው በር ይጠብቀኛል። አባቴ በምን እለየዋለሁ ብዬ ስጨነቅ ሰምተውኝ «አንቺ አትድከሚ ልጄ፣ ፎቶሽን አሳይቼዋለሁ፤ እሱ ያውቅሻል» አሉኝ።

ምሥራቅ